ቴሌቪዥኑ የማይታይበት ሳሎን፦ የእህቴ ኮንዶሚኒየም የጉዳይ ጥናት

እህቴ የደወለችልኝ ሐሙስ ማታ ነው። ራት በልተው እንደጨረሱ። «አንተ፣ ልጆቼ እኮ ፊቴን አያዩም» አለችኝ። የተጣሉ መስሎኝ ደነገጥኩ። ጠብ አልነበረም። ሁሉም ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ሰሃናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቴሌቪዥን እያዩ ነው የሚበሉት። እሷም በዚያው መስመር ላይ ናት። «ታክሲ የተሳፈርን ነው የምንመስለው። ሁላችንም ወደ አንድ አቅጣጫ!»

ሥራዬ የቤት ውስጥ ዲዛይን ነው። ብዙ ሰው የሚያሠራኝ የቴሌቪዥን ግድግዳ ነው። በጂፕሰም ይከበባል፣ ከኋላው ባለ ቀለም መብራት ይገባል፣ መሃሉ ላይ ትልቁ ስክሪን ይሰቀላል። የእህቴ ጥያቄ ተቃራኒው ነበር። «እንዲወጣ አልፈልግም። ባለቤቴ ኳስ ያያል፣ እማዬ እሁድ ቅዳሴ ትከታተላለች። ግን ሳላየው ልዋል» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም አቅርቦልኝ አያውቅም። ለዚህ ነው ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መዝግቤ የያዝኩት።

ቤቱ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለ ሁለት መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ። የሚኖሩበት አምስት ናቸው፦ እህቴ፣ ባሏ፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጃቸው፣ የ4 ዓመት ሴት ልጃቸው እና እናታችን። ሳሎኑ 4 ሜትር ከ20 በ3 ሜትር ከ60 ነው፤ ወደ 15 ካሬ ሜትር። በምሥራቅ በኩል ባለው አጭር ግድግዳ የበረንዳው በርና መስኮት አለ። በምዕራብ በኩል ካለው ግድግዳ የኮሪደሩ በር ይገባል። ከበሩ ጎን ትልቅ ቡፌ ቆሟል። መሃሉ ላይ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ግራና ቀኙ ላይ ሲኒ፣ ብርጭቆ፣ የሠርግ ፎቶ። ኤል ቅርጽ ያለው ሶፋ ጀርባውን ለበረንዳው ሰጥቶ ቡፌውን ያያል።

መጀመሪያ የሄድኩት በማለዳ ነበር። ፀሐይዋ በረንዳው ላይ ወጥታለች፤ ሳሎኑ ውስጥ ግን መብራት በርቷል። ወፍራሙ መጋረጃ ዝግ ነው። ለምን አትከፍቱትም ብዬ ጠየቅኩ። ልጁ ነው የመለሰልኝ፦ «ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል።» እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ያውም ወደ ምሥራቅ የሚያይ ሳሎን ይዘው፣ ለአንድ ዕቃ ብለው ብርሃኑን ዘግተው ይኖራሉ። ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ ያኔ ነው የተገኘው። ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ብቻ አልያዘም። ሶፋው ወዴት እንደሚዞር፣ መጋረጃው መቼ እንደሚከፈት፣ ቡናው የት እንደሚፈላ የሚወስነው እሱ ነው። እናታችን ረከቦቷን የምትዘረጋው ኮሪደሩ አፍ ላይ ነበር፤ ሌላ ቦታ አልተረፈላትም። ስትጸልይም ስዕለ አድኅኖው ያለው በምሥራቁ ግድግዳ ስለሆነ፣ ከሶፋው ጀርባ ባለች ጠባብ ቦታ ተሸጉጣ ነው።

ቡፌውን ከመንካታችን በፊት እህቴን አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋት። ለአንድ ሳምንት በደብተር እንድትጽፍ። በአንድ ረድፍ ቴሌቪዥኑ የበራበት ሰዓት፣ በሌላው ረድፍ በእርግጥ ቁጭ ብሎ ያየው ሰው። ቅዳሜ ማታ ደብተሩን ሳይ በሳምንት ውስጥ 34 ሰዓት በርቷል። ሰው ከልቡ ያየው ግን 12 ሰዓት አይሞላም። የ2 ሰዓት ዜና፣ ሁለት የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ፣ የእሁድ ጠዋት ቅዳሴ፣ የልጆቹ ካርቱን፣ እህቴ የምትወደው አንድ ድራማ። ሌላው ሁሉ እንዲያው ይጮሃል። ማንም አያየው፣ ማንም አያጠፋው። ሪሞቱ የት እንዳለ እንኳን አይታወቅም።

ባሏ መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎት ነበር። እውነቱን ነው። እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ቴሌቪዥን መክፈት አክብሮት ነው። ዝም ያለ ቤት ደግሞ ያዘነ ቤት ይመስላል። «ሰው ምን ይለናል? ሸጡት አይልም?» አለኝ። ይህን ቀላል ነገር አድርጎ ማለፍ ልክ አልመሰለኝም። ብዙ ዲዛይነር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የባለቤቱን ስጋት እንደ ኋላ ቀርነት ይቆጥረዋል። እኔ ግን ስጋቱን ከመስፈርቶቹ አንዱ አድርጌ ጻፍኩት፦ ሲያስፈልግ በአምስት ሰከንድ የሚከፈት፣ ሲከፈትም የተሟላ የቴሌቪዥን ቦታ የሚመስል ነገር እሠራለሁ።

ነገሩን ያቀለለችው እናታችን ናት። ሥዕሉን ሳሳያቸው መነጽሯን አድርጋ አየችውና «ድሮስ ቴሌቪዥን ተሸፍኖ አይደል እንዴ የሚውለው?» አለች። ልክ ናት። እኛ ልጆች ሆነን ቤታችን የነበረው ቴሌቪዥን በእጇ በሠራችው ዳንቴል ተሸፍኖ ነበር የሚውለው። ጎረቤት ደግሞ በር ያለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ የሚቆለፍ ነበራቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት፣ ፕሮግራሙ ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። ቀን ላይ የሚታይ ነገር ስለሌለ ዳንቴሉ ከአቧራ ይጠብቀዋል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይገለጣል። ዳንቴሉን ያነሳነው ሥርጭቱ 24 ሰዓት ሲሆን ነው። እናቴ ይህን ካለች በኋላ የእህቴ ባል ክርክሩን ተወው። ሐሳቡ ከውጭ የመጣ ሳይሆን የእናቱም የአማቱም ቤት ልማድ ሆኖ አገኘው።

አማራጮቹን አንድ በአንድ አየን። ወደ መኝታ ቤት መውሰድ የሚለውን እህቴ ወዲያው ጣለችው። ልጆቹ በር ዘግተው እንዲያዩ አትፈልግም፣ ለእንቅልፍም አይበጅም። ፕሮጀክተር የሚለው ያምር ነበር፤ ስክሪኑ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ይገባል። ግን ጨለማ ይፈልጋል። መጋረጃውን ለመክፈት ብለን የጀመርነውን ሥራ መልሶ መጋረጃ የሚያዘጋ ነገር ምን ይሠራልናል? በሞተር ከቁም ሣጥን ውስጥ ብቅ የሚለውንም አየን። መብራት ሲጠፋ ግማሽ ላይ ይቆማል፣ ሲበላሽ መለዋወጫው አይገኝም። ሰው በማያየው ጊዜ የግድግዳ ሥዕል መስሎ የሚቆየው ዓይነት ቴሌቪዥን ደግሞ ያው የበራ ስክሪን ነው፤ ልጅን አያታልልም።

የቀረን መዝጊያ ነው። እዚህም ምርጫ አለ። እንደ ቁም ሣጥን የሚከፈት በር ብናደርገው ሁለቱ ክንፎች ወደ ክፍሉ ግማሽ ሜትር ይወጣሉ። 15 ካሬ ሜትር ውስጥ ግማሽ ሜትር ብዙ ነው፤ ከሶፋው ጫፍ ጋርም ይጋጫል። ስለዚህ ወደ ጎን የሚንሸራተት መረጥን። ባለ 43 ኢንች ስክሪን ወርዱ ወደ 96 ሳንቲ ሜትር ነው። ግራና ቀኝ መተንፈሻ ጨምረን ክፍተቱን 110 አደረግነው። እያንዳንዱ መዝጊያ 56 ሳንቲ ሜትር። ሲከፈቱ አንዱ በግራ ባለው የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ፣ ሌላው በቀኝ ባለው የሲኒና የብርጭቆ መደርደሪያ ላይ ያርፋሉ። በጠቅላላው 2 ሜትር ከ22። በሩን ሳይነካ ግድግዳው ላይ ገባ።

ይህ አሠራር አንድ ያልጠበቅኩት ጥሩ ነገር አመጣ። ቴሌቪዥኑ ሲታይ መጻሕፍቱ ይሸፈናሉ። መጻሕፍቱ ሲታዩ ቴሌቪዥኑ ይሸፈናል። ልጁ ከመደርደሪያው የተረት መጽሐፉን ለመውሰድ ሲፈልግ መዝጊያውን መግፋት አለበት። ማንም ሳያዘው በራሱ እጅ ነው ቴሌቪዥኑን የሚዘጋው።

በመዝጊያው ቀለም ላይ ተከራክረናል። አናጺው ማስዋብ ፈልጎ ነበር፤ የእንጨት ቅርጽ፣ ወርቃማ መስመር። እህቴም የጥበብ ጨርቅ ልንለጥፍበት አሰበች። እኔ እምቢ አልኩ። ያ ቦታ ካማረ ተመልሶ የክፍሉ ፊት ይሆናል፤ ሰው ሁሉ እንደገና ወደዚያ ይዞራል። የማያብረቀርቅ ቀለም፣ ልክ እንደ ግድግዳው። ዓይን አይቶት እንዲያልፈው ነው የፈለግኩት። ጥበቡን ለትራሶቹ አደረግነው።

ከሁሉ የበለጠው ሥራ ግን መዝጊያው አልነበረም። ቴሌቪዥኑን ሸፍነን ሶፋውን እንዳለ ብንተወው ኖሮ አምስት ሰው ቁጭ ብሎ የተዘጋ ሣጥን ያይ ነበር። ኤል ቅርጹን ሶፋ ሶፋ ሰሪ ጋር ወስደን አስለየነው። ባለ ሦስት መቀመጫና ባለ ሁለት መቀመጫ ሆነ። በሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች በኩል ፊት ለፊት አስቀመጥናቸው። እያንዳንዱ 80 ሳንቲ ሜትር ስለሚወስድ መሃል ላይ 2 ሜትር ቀረልን። ሰው ሲቀመጥ የሚያየው ሰው ሆነ። የመሃሉን ከባድ ጠረጴዛ አውጥተን የሚነሱ ትንንሽ ጠረጴዛዎች አስገባን። የበረንዳው በር ፊት ባዶ ሆነ፤ የእናቴ ረከቦት እዚያ ገባ። ከጎኑ ስዕለ አድኅኖው አለ። አሁን ጠዋት ቀጥ ብላ ቆማ ትጸልያለች።

ኳስስ? ቴሌቪዥኑን በሚዘረጋ ክንድ ላይ ሰቀልነው። ወደ ፊት 40 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፣ ወደ ሁለቱም ሶፋ ይዞራል። ከፍታውንም አወረድነው። ቡፌው ላይ የስክሪኑ መሃል ከወለል 1 ሜትር ከ40 ነበር፤ አንገት ያሳምማል። አሁን 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የተቀመጠ ሰው ዓይን የሚደርስበት ልክ።

ወደ አሠራሩ ስመጣ፣ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ላይ ማንም ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የውስጥ ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ባዶ። ተራ ፊሸር ገብቶበት ክብደት ሲሰቀልበት ቀስ እያለ ይወጣል። የሚዘረጋ ክንድ ደግሞ በተዘረጋ ቁጥር ይጎትታል። እኛ ክብደቱን ወለሉ ላይ ጣልነው። ጠቅላላው መደርደሪያ ወለል ላይ ይቆማል፣ ታችኛው ክፍል በመጻሕፍት ተሞልቷል፣ ከላይ በአንድ ጎን ኮለኑ (የኮንክሪት ምሰሶው) ላይ፣ በሌላው ጎን ቀዳዳው በሲሚንቶ ሞርታር ተሞልቶ በገባ ቡሎን ታስሯል። ሞርታሩ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጠበቅን። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ይህን ማሳጠር አይቻልም። የ4 ዓመት ልጅ መደርደሪያ ላይ ትወጣለች። መውጣቷ አይቀርም።

ሁለት ነገር ተበላሽቶብን አስተካክለናል። የመጀመሪያው ሀዲዱ ነው። መዝጊያው ከታች ባለ ሀዲድ ላይ እንዲሄድ ነበር የሠራነው። ርካሽ ነው፣ ለመግጠምም ይቀላል። በሦስተኛው ሳምንት ተጣበቀ። ሄጄ ሳየው ሀዲዱ ውስጥ ፈንዲሻ ገብቷል። ቡና በሚፈላበት ቤት፣ በዓመት በዓል ቄጠማ በሚጎዘጎዝበት ቤት፣ ከታች የሚሄድ ሀዲድ ማሰብ የለብንም ነበር። አውጥተን ከላይ በሚንጠለጠል ሀዲድ ቀየርነው። እያንዳንዱ መዝጊያ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ) ነው፤ ወደ 6 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ የፕላስቲክ ሳይሆን ባለ ኩሽኔታ ጎማ መርካቶ ፈልገን ገዛን። አሁን ሕፃኗ በአንድ እጇ ትገፋዋለች።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ልጁ አንድ ቀን ቴሌቪዥኑን ሳያጠፋ ዘጋው። ማታ ሲከፍቱት ሪሲቨሩ እሳት ሆኗል። ሣጥኑን አየር እንዳያስገባ አድርገን ነበር የዘጋነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከታችና ከላይ በሙሉ ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር ክፍተት አወጣን። የሞቀው አየር በላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውንም ከጎኑ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው አደረግነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ለሚፈጠረው ችግርም ይጠቅማል፤ ማታ ሁሉም ነገር ከአንድ ቦታ ይጠፋል።

ስለ ብር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር አይሠራም። ግማሹ ወጪ አናጺው ጋር፣ ሩብ ያህሉ ሶፋው ጋር፣ የቀረው መብራቱና ኤሌክትሪኩ ጋር ሄደ ብል ይበቃል። ቡፌውን ሸጡት።

ስለ መብራቱ ግን ትንሽ ልቆይ። ሥራው ባለቀ በሁለተኛው ቀን እህቴ ደወለች። «ቤቱ ጨለመብኝ» አለች። እኔም ማታ ሄጄ አየሁት። እውነትም ጨልሟል። ከዚያ በፊት ሳሎኑን ማታ ማታ ሲያደምቅ የነበረው ስክሪኑ ነበር፤ አላስተዋልነውም። ጣራው ላይ ያለው ነጭ አምፖል 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ነው፤ ሱቅ ያስመስላል። እሱን አውጥተን በሁለቱ ሶፋዎች ጎን 2700 ኬልቪን ቢጫ መብራት አደረግን፤ አንድ ደግሞ መጽሐፍ መደርደሪያው ውስጥ። በዚያው ማታ ክፍሉ ሌላ ሆነ። ቴሌቪዥን መደበቅ የሚያስብ ሰው ከመዝጊያው እኩል መብራቱን ያስብበት። ጨለማ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቴሌቪዥን መክፈቱ አይቀርም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበዱ። ጸጥታው ከበዳቸው። እህቴ ሬዲዮ መክፈት ጀመረች፣ ከዚያ ተወችው። የባሏ ጓደኛ መጥቶ «ቴሌቪዥናችሁ ተበላሸ እንዴ?» አለ። ባሏ ተነስቶ መዝጊያውን ገፍቶ አሳየው። በኋላ ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ኩራት ነበር። ለሕፃኗም መጠን አበጁላት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ ይላል፤ ከዚያ ካነሰ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ድሮ ይህን ማስከበር ማለት በየቀኑ ማስለቀስ ነበር። አሁን አንድ ካርቱን ካየች በኋላ «በይ ዝጊው» ትባላለች። መዝጋቱን ትወደዋለች።

በዓል ላይ ሌላ ነገር ነው። ፋሲካ ዕለት ሄጄ መዝጊያዎቹ ቀኑን ሙሉ ተከፍተው አገኘኋቸው። የበዓል ዝግጅት እየታየ ነው፣ ዶሮው እየተበላ ነው፣ ሰው እየሳቀ ነው። በደንብ ነው የተደሰትኩት። ቤቱ ቴሌቪዥን የሚከለክል ቤት እንዲሆን ማንም አልፈለገም።

ከስድስት ወር በኋላ እህቴን እንደገና ደብተር አስያዝኳት። በሳምንት 19 ሰዓት በርቷል። ከዚያ ውስጥ 14 ሰዓቱን ሰው ቁጭ ብሎ አይቶታል። የበራበት ሰዓት ቀነሰ፤ ሰው ከልቡ ያየበት ግን ጨመረ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አልገመትኩም ነበር። ኳሱንም ቢሆን አሁን ክንዱን አውጥተው፣ በርጩማ ደርድረው፣ ጎረቤት ጠርተው ነው የሚያዩት።

ያልተፈታው ስልክ ነው። ባሏ በሥራ ቀን ጨዋታ በስልኩ ያያል። ልጁም አንዳንዴ የእናቱን ስልክ ይዞ መኝታ ቤት ይገባል። ለዚህ የሚሠራ መዝጊያ የለኝም። እህቴ ስልኮቹ ራት ላይ የሲኒው መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጡ አድርጋለች። አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም።

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ ደረስኩ። መጋረጃው ተከፍቷል። እናቴ ጀበናውን ጥዳለች። ሕፃኗ ፈንዲሻ ታዞራለች። ልጁ በረንዳው በር አጠገብ፣ ብርሃኑ ላይ፣ ወለል ላይ ተንበርክኮ ትንሿን ጠረጴዛ ተጠግቶ የቤት ሥራውን ይሠራል። አጎነበሰ፣ ቀና አለ፣ እንደገና አጎነበሰ። «ጋሼ፣ ይቺ ጠረጴዛ አጠረችኝ» አለኝ። ሜትሬን አወጣሁ። በርጩማው ላይ አስቀምጬ ክርኑ የሚደርስበትን ለካሁ። 56 ሳንቲ ሜትር። መስኮቱ ስር በዚህ ልክ ለምትሠራ ጠረጴዛ የሚሆን ቦታ አለ።